አጥንቱ የነደደው ዳይኖሰር

እ.ኤ.አ. በ1944 ሙኒክ ከአየር ስትደበደብ የባቫሪያ የቅሪተ አካል ስብስብ ይገኝበት የነበረው ሕንጻ ጋየ። ከግብፅ ምድረ በዳ የመጣ የአንድ ግዙፍ ሥጋ በል ዳይኖሰር አጥንትም አብሮ ነደደ። ሰማንያ ዓመት ቆይቶ፣ በጥር 2025፣ ይኸው አጥንቱ የጠፋ እንስሳ አዲስ ዝርያ ተብሎ ስም ወጣለት።

አጥንቱን በ1914 ከባሃሪያ ኦአሲስ ያወጣው ሪቻርድ ማርክግራፍ ነው። ለጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት ሽትሮመር ቅሪተ አካል ይሰበስብ ነበር። ማርክግራፍ በ1916 ሞተ፤ የልፋቱን ውጤት አላየም። ሽትሮመር በ1931 ግኝቱን ሲያሳትም፣ ቀደም ሲል በአልጄሪያ ጥርሶቹ ከተገኙት እንስሳ ጋር አንድ አድርጎ ካርካሮዶንቶሳውረስ አለው፤ የሻርክ ጥርስ ያለው እንሽላሊት ማለት ነው። ጦርነቱ ሲበረታ ስብስቡ ወደ ደህና ቦታ እንዲዛወር ለመነ። የናዚ ደጋፊ የነበረው የስብስቡ ኃላፊ አሻፈረኝ አለ። ይህን ጥፋት በቦምብ ብቻ ማሳበብ አይቻልም።

ከዚያ በኋላ ሳይንስ ካርካሮዶንቶሳውረስን የሚያውቀው በ1990ዎቹ ሞሮኮ ውስጥ በተገኘ የራስ ቅል ነበር። የግብፁም ያው ነው ተብሎ ታለፈ። ማክሲሚሊያን ኬለርማን የተባለ ወጣት ተመራማሪ ግን በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት ውስጥ የግብፁ አጽም ከመውደሙ በፊት የተነሱ ፎቶዎችን አገኘ። ከሞሮኮው ጋር ሲያስተያያቸው ልዩነቱ ወለል ብሎ ታየው፤ የግብፁ አፍንጫው ላይ ጎልቶ የወጣ ቀንድ ነበረው፣ ጥርሱም አንጎሉም ይለያል። ከባልደረቦቹ ጋር ታሜሪራፕተር ማርክግራፊ ብሎ ሰየመው። «ታሜሪ» ጥንታዊት ግብፅ ስትቆላመጥ የምትጠራበት ስም ነው፣ «የተወደደች ምድር»፤ ሁለተኛው ቃል ደግሞ ለማርክግራፍ መታሰቢያ ነው። ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፈውም፣ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ካሳ የለም።

ርዝመቱ ወደ 10 ሜትር የተገመተው ይህ አዳኝ የኖረው ከ95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ግብፅና ሞሮኮ በዚያ ዘመን አንድ ዓይነት ዳይኖሰሮች ነበሯቸው የሚለው የቆየ ግምትም አብሮ ተናግቷል።

ባሃሪያ ገና አልተሟጠጠችም። በ2022 የማንሱራ ዩኒቨርሲቲ ግብፃውያን ተመራማሪዎች ከዚያው ስፍራ ያወጡትን የሌላ ሥጋ በል ዳይኖሰር የአንገት አጥንት ይፋ አድርገዋል፤ አጥንቱም አሁን ያለው በግብፅ ነው።