«ቡዳ በላት» ሲባል፦ ታማሚዋና ስሟ የተጠራባት ሴት

በላስታ ደጋማ ቀበሌዎች፣ እንደ ሌላው የአማራ አካባቢ ሁሉ፣ በድንገት የወደቀ፣ የተንፈራፈረ ወይም ያለ ምክንያት የጮኸ ሰው «ቡዳ በላው» መባሉ የቆየ እምነት ነው። ታማሚው በጭስ ይታጠናል፤ የበላውን ሰው እስኪናገርም ይጠየቃል። «ለፈለፈ» የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው። እየታፈነና እየተጠየቀ የሚለፈልፍ ሰው የሚጠራው ስም አብዛኛውን ጊዜ መንደሩ አስቀድሞ የጠረጠረው የሸክላ ሠሪ፣ የቀጥቃጭ ወይም የፋቂ ቤተሰብ ስም ነው። ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በሚገኙበት አገር የእጅ ባለሙያ እንዲህ መፈራቱ ያስገርማል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መሳደብን በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ ቢከለክሉም ስሙ ከሰው አፍ አልጠፋም።

ከዚህ ስም በስተጀርባ የሚጥል በሽታ፣ የማጅራት ገትር፣ ከቆላ የመጣ ወባ፣ ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የአእምሮ ሕመም ወይም ከከባድ ጭንቀት የሚመነጭ ራስን የመሳት ሁኔታ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ የደም ስኳር መጠንና የተነከሰ ምላስ አስቀድመው መታየት ይኖርባቸዋል። ራሱን የሳተን ሰው ማጠን መተንፈሻውን ያውካል፤ በአፉ የሚጨመረውም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቤተሰቡን መዝለፍ ግን አይበጅም። ጸበል መሄድ ከፈለጉም መድኃኒቱን ሳያቋርጡ እንዲሄዱ መምከር ይሻላል።

የሐኪም ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በማሳቹሴትስ፣ በሴለም መንደር የደረሰው ያሳያል። በ1692 እ.ኤ.አ. የሚንፈራፈሩ ልጃገረዶችን ያየ ሐኪም ምክንያቱን ቢያጣ «ክፉ እጅ ነክቷቸዋል» አለ። ልጃገረዶቹ ስማቸውን የጠሯቸው ሰዎች ታሰሩ፤ 19 ሰዎችም በስቅላት ተቀጡ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ።

በዚህም ምክንያት ታማሚዋ የጠራችው ስም በካርዷ ላይ የሕመም መንስኤ ሆኖ ሊጻፍ አይገባም። ስሟ የተጠራው ሴት «ትፊባት» እየተባለች ተጎትታ ልትመጣ ትችላለች፤ ያን ጊዜ ለብቻዋ ክፍል ገብታ ትመረመራለች፤ የተደበደበች እንደሆነም ጉዳቷ በዝርዝር ይመዘገባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 561 እስከ 570 በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት በሰው ሕይወትና አካል ላይ የሚደርስን ጉዳት ያስቀጣል። ታማሚዋ ስትነቃ ፈቃዷ ከሆነ፣ ሕመሟ ምን እንደሆነ ተከትለው ለመጡት ጎረቤቶችም በግልጽ ቢነገር፣ ያቺ ሴት ማምሻውን ወደ ቤቷ ስትመለስ የሚጠብቃት አቀባበል የተለየ ሊሆን ይችላል።