ከሁሉ በፊት ቤት

በአሜሪካ የቤት አልባዎች መጠለያ ገብቶ የማደር ዕድሉ ከሌላው ዕድሜ ሁሉ ከፍ የሚለው አንድ ዓመት ባልሞላው ሕፃን ላይ ነው። ቤት አልባ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ጎልማሳ ወንድ ስለሆነ ነገሩ እንግዳ ይመስላል። ምክንያቱ ግን ሩቅ አይደለም። ነፍሰ ጡር ሆዷ ሲገፋ ከሥራ ትቀራለች፤ ገቢ በሚቀንስበት ወር ወጪ ይጨምራል፤ ተጠግታ የምትኖርበት የዘመድ ቤትም ሌሊት የሚያለቅስ ሕፃን ሲታከልበት ይጠባል። ልጅ በመጣ ሰሞን ቤት ይጠፋል።

ለልጁ ከዚህ የከፋ ጊዜ የለም። ሲወለድ የአንጎሉ መጠን የአዋቂ ሰው አንጎል ሩብ ያህል ነው፤ ሦስት ዓመት ሲሞላው 80 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በእነዚህ ዓመታት በነርቭ ሕዋሳት መካከል በየሴኮንዱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳዲስ ግንኙነቶች እንደሚፈጠሩ ይገመታል። የትኛው እንደሚጸና፣ የትኛው እንደሚከስም የሚለየው በአብዛኛው በመደጋገም ነው። ሕፃኑ ድምፅ ሲያሰማ እናቱ ስትመልስለት፣ ሲጠቁም ስታይለት፣ ሲያለቅስ ብድግ ስታደርገው ያ መስመር ይጠነክራል።

ይህ ምልልስ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን በ1970ዎቹ ያሳየን አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ትሮኒክ ነው። እናቶች ከልጃቸው ጋር ሲጫወቱ ቆይተው ለጥቂት ደቂቃ ፊታቸውን ስሜት አልባ እንዲያደርጉ ጠየቃቸው። ሕፃኑ በመጀመሪያ ፈገግ እያለ፣ እጁን እየዘረጋ፣ ድምፅ እያሰማ እናቱን ሊመልሳት ይታገላል። አልሆን ሲለው ፊቱን ያዞራል፤ ይከፋዋል። እነዚህ ልጆቻቸውን የሚወዱ እናቶች ነበሩ፤ የተጠየቁትም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ዛሬ ማታ የት እንደምታድር የማታውቅ እናትም ፍቅር አልጎደላትም፤ ሐሳቧ ግን ቀኑን ሙሉ ሌላ ቦታ ነው።

ሕፃኑ ራሱም ጭንቀቱ በአካሉ ላይ ይጻፋል። በጫጫታ መካከል የተቆራረጠ እንቅልፍ፣ በየጊዜው የሚለዋወጥ የሰው ፊት፣ ለመዳኽ የማይመች ወለል፤ እነዚህ ሁሉ የአደጋ ምልክት ይሆኑበታል። ከአንጎል የሚነሣ ትእዛዝ ከኩላሊት በላይ ያሉትን ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን እንዲያመነጩ ያደርጋል። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ይጠቅማል፤ ለሳምንታትና ለወራት ከፍ እንዳለ ከቆየ ግን እንቅልፍን፣ በሽታ የመከላከል አቅምን፣ ትውስታን፣ ራስን የመግዛት ችሎታን ያውካል። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ሜጋን ጋናር ክትባት የሚወጉ ሕፃናትን ስታጠና፣ ከእናታቸው ጋር አስተማማኝ ትስስር ያላቸው ልጆች በተፈጥሯቸው ፈሪዎች ቢሆኑም እንኳ ኮርቲሶላቸው እንደሌሎቹ እንደማይንር አስተዋለች። እዚያው ሚኒሶታ አን ማስተን በመጠለያ ያሉ ቤተሰቦችን ለዓመታት ተከታትላለች። ከልጆቹ ብዙዎቹ በትምህርት ወደ ኋላ ቢቀሩም በርካቶች ደህና ሆነው አድገዋል፤ ለዚህም ከሚጠቀሱት ምክንያቶች ዋናው ሞቅ ያለና የተረጋጋ የወላጅ እንክብካቤ ነው።

ይህን የሚያነብ ሰው ቶሎ ብሎ «እንግዲያው እናቲቱን እናስተምር» ሊል ይችላል። ብዙ የእርዳታ ፕሮግራም የተቀረጸው በዚህ ሐሳብ ነው፤ መጀመሪያ ሥልጠና፣ ምክር፣ ሙያ፣ ከዚያ በኋላ ቤት። ሐሳቡ በቁም ነገር የተፈተነው የአሜሪካ የቤቶችና ከተማ ልማት ሚኒስቴር ባስጠናው ትልቅ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 በ12 አካባቢዎች መጠለያ ውስጥ የነበሩ 2,282 ቤተሰቦች ተመዘገቡ፤ ከ5,000 በላይ ልጆች ነበሯቸው። ምደባው በዕጣ ነው። አንዱ ክፍል የረጅም ጊዜ የኪራይ ድጎማ አገኘ፤ ቤተሰቡ ከገቢው 30 በመቶ ገደማ ይከፍላል፣ የቀረውን መንግሥት ይሸፍናል፣ ምክርና ሥልጠና አልተጨመረለትም። ሌላው ለአጭር ጊዜ ብቻ ኪራይ ተከፈለለት። ሦስተኛው ምክርና ሥልጠና ያለበት የመሸጋገሪያ ቤት ተሰጠው። የቀሩት በተለመደው መንገድ ራሳቸው እንዲፈልጉ ተተዉ።

ሦስት ዓመት ያህል ሲከታተሏቸው ጎልቶ የወጣው የመጀመሪያው ክፍል ነበር። ዳግም ቤት አልባ የመሆን ዕድል ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ይህስ ይጠበቃል፤ እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። ኪራይ ብቻ ተደጉሞላቸው የእናቶቹ የመንፈስ ጭንቀት ቀነሰ፤ በትዳር አጋር የሚደርስባቸው ጥቃት ቀነሰ፤ የምግብ እጦት ቀነሰ፤ ልጆች ከወላጅ መነጠላቸውና ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት መዛወራቸው ቀነሰ። ምክርና ሥልጠና የታከለበት የመሸጋገሪያ ቤት በእነዚህ በአብዛኞቹ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ድጎማው መጀመሪያ ላይ ሥራ የያዙ ወላጆችን ቁጥር በመጠኑ ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ልዩነቱ ግን በኋላ ጠቧል። በሦስቱ ዓመት ጠቅላላ ወጪው ከተለመደው መንገድ የበለጠው በ9 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ የተለመደው መንገድ ራሱ፣ መጠለያው፣ ውድ ነውና። ከዚህ የምረዳው እናቲቱ ያጣችው በዋነኛነት ዕውቀት አለመሆኑን ነው። ሐሳቧን ለልጇ የሚመልስላት በር ያለው ክፍል ነው።

በእኛ አገር አራስን ብቻዋን መተው ነውር ነው። ገንፎ ይገነፋላታል፣ አጥሚት ይቀርብላታል፣ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ጎረቤትና ዘመድ ይመላለሳል። ልጁን እናቱ ትይዘዋለች፣ እናቱን ሰው ይይዛታል። በአዲስ አበባ በቤተ ክርስቲያን ደጅና በላስቲክ ጥላ ሥር ሕፃን ታቅፈው የሚያድሩ እናቶች ይህ ሁሉ የቀረባቸው ናቸው። ከዐረብ አገር ልጅ ይዘው ተመልሰው የወላጆቻቸውን ፊት ለማየት የሚፈሩ ወጣት ሴቶችም እንዲሁ። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች የተዘረጋው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት፣ በቀን ሥራ ከሚከፈላቸው ነዋሪዎች ሌላ ኑሯቸው ጎዳና ላይ ለሆነም እንዲደርስ ታስቦ ነበር። የተጀመረ ነገር አለ ማለት ነው፤ የሕፃናትን እናቶች ከሰልፉ ፊት ማስቀደም ግን ገና ይቀረናል።

በዋሽንግተንና በአካባቢው ላሉ ወገኖቻችን አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። ቤት አጥቶ ዘመድ ሳሎን ውስጥ መኖር በአሜሪካ የትምህርት ሕግ ቤት አልባነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የማኪኒ ቬንቶ ሕግ ለዚህ ልጅ በነበረበት ትምህርት ቤት የመቀጠል፣ ሰነድ ባይሟላ እንኳ ወዲያው የመመዝገብ መብት ይሰጠዋል። ሄድ ስታርት የተባለው የቅድመ መደበኛ ፕሮግራምም ገቢ ሳይመረምር ይቀበለዋል። በየትምህርት ወረዳው ይህን ጉዳይ የሚከታተል ተጠሪ አለ፤ እርሱን መጠየቅ ነው። ብዙ ወላጅ በኀፍረት ዝም ስለሚል መብቱ ሳይሠራበት ይቀራል።

በአሜሪካ ሆስፒታሎች ሕፃናትን የሚያጠኑ ሐኪሞች ደጋግመው ያገኙት ሌላም ነገር አለ፤ በእርግዝናም ከወሊድ በኋላም ቤት ያጣችው እናት ልጅ ጤናው ይበልጥ ይጎዳል፤ ጊዜው ባጠረ ቁጥር ጉዳቱም ያንሳል። ስለዚህ ቶሎ መድረስ ከምንም በላይ ዋጋ አለው። ጎዳና የምታድር ነፍሰ ጡርም ቢሆን ጤና ጣቢያ ብቅ የምትልበት ቀን ይኖራል። ክብደቷ በሚመዘንበት፣ የደም ግፊቷ በሚለካበት በዚያ ቀን «ከወለድሽ በኋላ የት ነው የምትገቢው?» የሚል አንድ ጥያቄ ካርዷ ላይ ቢጨመር፣ መልሱ ልጁ ከመወለዱ ወራት ቀድሞ የወረዳው ማኅበራዊ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል፤ ክፍል ለመፈለግም ጊዜ ይገኛል።