ዘመንን በአንድ ቍጥር

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የዘመናትን ድምር ከፍጥረተ ዓለም አንሥተው በዓመተ ዓለም እንደሚጠቀልሉ፥ ከዚያም በዓላትንና አጽዋማትን በቀመር እንደሚያወጡ ሁሉ፥ በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ያበጁት ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺም ለሥርዓታቸው ጥንተ ቀመር መወሰን ግድ ሆኖባቸው ነበር። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1971 የወጣው የመጀመሪያው መምሪያቸው አንዷን ሴኮንድ ከስድሳ ከፍሎ ከዚያው ዓመት መባቻ ጀምሮ ይቈጥር ነበር፤ ነገር ግን 32 ቢት የሚይዘው ስፍራ በዚህ ፍጥነት ሁለት ዓመት ተኩል ሳይደርስ ስለሚሞላ፥ ጥቂት ቈይቶ ቈጠራው በሙሉ ሴኮንድ፥ መነሻውም የ1970 መባቻ በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት እንዲሆን ተደረገ። ይህችም ሰዓት በእኛ ሐሙስ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ናት።

ማናቸውንም ቀን ወደዚህ ቍጥር መመለስ ማለት ከመነሻው ወዲህ ያለፉትን ዕለታት በ86,400 አብዝቶ፥ ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ያለፈውን ሴኮንድ በላዩ መደመር ነው፤ ለዚህም ሥራ ዐሥራ ሁለቱ ወራት እኩል 30 ቀን የሆኑለት የእኛ አቈጣጠር ከፈረንጁ ይልቅ ገር ነው ባይ ነኝ። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ከጧቱ 12 ሰዓት ስንት ይሆናል ቢባል፥ ከ1962 እስከ 2000 ያሉት 38 ዓመታት በ365 ሲበዙ 13,870 ይሆናሉ፤ በመካከሉ ዘመነ ሉቃስ ዐሥር ጊዜ ተመላልሶ ጳጉሜን 6 ስለ ሆነች 10 ዕለት ይጨመራል፤ በ1962 ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 23 ያለፉት 112 ዕለታት ሲቀነሱም 13,768 ይቀራል። ይህ በ86,400 ሲበዛ 1,189,555,200 ይሆናል፤ የእኛ ጧት 12 ሰዓትም በዓለም አቀፉ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት 3 ሰዓት ያለፈው ስለ ሆነ፥ 10,800 ተጨምሮ 1,189,566,000 ይወጣል።

ፕሮግራም ጸሐፊው የሚሰናከለው ግን ከማባዛቱ ላይ አይደለም፤ አንዱ የአዲስ አበባን የ3 ሰዓት ልዩነት ይዘነጋል፥ ሌላው የጧቱን 2 ሰዓት በፈረንጅ ሰዓት አንብቦ 6 ሰዓት ያጐድላል፥ ጃቫስክሪፕት በሚሊሴኮንድ የቈጠረውንም ሳያካፍል የወሰደ ሰው ቀኑን በዐሥር ሺህ የሚቈጠሩ ዓመታት ያርቀዋል። ምድር በዙረቷ ስለምትዛባ በፈረንጆች ከ1972 እስከ 2016 በዓለም ሰዓት ላይ የተጨመሩትን 27 ሴኮንዶች ደግሞ ቈጠራው ራሱ እንደሌሉ አድርጎ ያልፋቸዋል።

አሉታንም ጭምር የሚጽፍ የ32 ቢት ቍጥር ከ2,147,483,647 አይዘልቅም። የሚሞላውም ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከጧቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ፥ በበዓለ ጥምቀት ማለዳ ነው፤ ያን ጊዜ ያልታደሰው ኮምፒዩተር በቀጣዩ ሴኮንድ ቍጥሩ ወደ አሉታ ተገልብጦ ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፥ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ይመለሳል። አዳዲሶቹ ሥርዓቶች ስፍራውን ወደ 64 ቢት አስፍተው ለብዙ ቢሊዮን ዓመታት የሚበቃ አድርገውታል፤ የሚያሠጋው በየመሣሪያው ሆድ ተገጥሞ ማንም የማያድሰው አሮጌ ፕሮግራምና በቀድሞው ልክ የተጻፈው ፋይል ነው።