አራት ነጥቡን አልፎ የሚሄደው ራይቦዞም

አማርኛ ስታነቡ አራት ነጥብ ካያችሁ ዓረፍተ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ሴሎቻችሁ ውስጥም እንዲሁ እያነበበ የሚሠራ ማሽን አለ፤ ራይቦዞም ይባላል። የሚያነበው ኤምአርኤንኤን ነው፣ ማለትም ከዲኤንኤ የተቀዳውን መልእክት። ፊደሎቹ አራት ብቻ ናቸው፦ ኤ፣ ዩ፣ ጂ እና ሲ። ራይቦዞም ሦስት ሦስቱን እየወሰደ ያነባል፤ እያንዳንዱ ባለ ሦስት ፊደል ቃል ኮዶን ይባላል። በየኮዶኑ አንድ አሚኖ አሲድ ይጨምራል፤ ልክ ዶቃ እንደ መሰካት ነው። በመጨረሻ ሰንሰለቱ ፕሮቲን ይሆናል።

ከ64ቱ ኮዶኖች ሦስቱ፣ ዩኤኤ፣ ዩኤጂ እና ዩጂኤ፣ አብዛኛውን ጊዜ "በቃ፣ አቁም" ማለት ናቸው። ራይቦዞም እዚያ ሲደርስ ልዩ የማቆሚያ ፕሮቲን ይገባና ያለቀውን ሰንሰለት ያስለቅቀዋል።

ታዲያ ሁልጊዜ ይቆማል? አይቆምም። ቦታው ላይ ፉክክር አለ። አንዳንዴ የማቆሚያው ፕሮቲን ሳይቀድም፣ አሚኖ አሲድ የተሸከመ ቲአርኤንኤ በትክክል ባይገጥምም ሾልኮ ይገባል። ያኔ ራይቦዞሙ ምልክቱን እንዳላየ ሆኖ ይቀጥላል፤ የሚወጣውም ፕሮቲን ጅራቱ ይረዝማል። በተለመደው ቦታ ይህ እምብዛም አያጋጥም፤ ብዙውን ጊዜ ከ1000 አንዴ እንኳ አይሞላም። አንዳንድ ቦታ ግን በጣም ይጨምራል። ለምን?

መልሱ ያለው በምልክቱ ጎረቤቶች ላይ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ጎረቤት ተከታዮቹ ፊደላት ናቸው። የትምባሆ ተክልን የሚያጠቃው ሞዛይክ ቫይረስ ከዩኤጂ ቀጥሎ "ሲኤኤ ዩዩኤ" የሚል ጽሑፍ አለው። እነዚህ ስድስት ፊደላት የማቆሚያውን ምልክት ያላሉታል፤ ከራይቦዞሞቹ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት አልፈው ይሄዳሉ። በዚህ የሚገኘው ረጅም ፕሮቲን ቫይረሱ አርኤንኤውን የሚያባዛበትን ኢንዛይም ይዟል። ማለፍ ባይኖር ቫይረሱ መራባት አይችልም ነበር።

ሁለተኛው ደግሞ ቅርጽ ነው። አርኤንኤ ቀጥ ያለ ክር ብቻ አይደለም፤ በራሱ ላይ ይተጣጠፋል። አይጦችን የሚያጠቃው የሉኪሚያ ቫይረስ ከማቆሚያው ስምንት ፊደል ዝቅ ብሎ ቋጠሮ የሚመስል እጥፋት አለው። ቫይረሱ ለቅርፊቱ ብዙ ፕሮቲን፣ ኢንዛይም ግን ትንሽ ብቻ ይፈልጋል። ራይቦዞሙ ሁሌ ቢያልፍ ቅርፊቱ በትክክል አይገጣጠምም፤ ጭራሽ ባያልፍ ኢንዛይም አይኖርም። በ2011 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው እጥፋቱ በሁለት ቅርጾች መካከል ይገለባበጣል፤ የሚያሳልፈው አንደኛው ብቻ ነው። በሴል ውስጥ ባለው የአሲድነት መጠን ይህ ቅርጽ የሚይዘው ድርሻ 6 በመቶ አካባቢ ነው፤ የማለፉም መጠን ከዚህ ጋር ይቀራረባል። እኔ ምህንድስና ነው የተማርኩት፤ ያለ ሴንሰር፣ ያለ ሞተር፣ በአንድ እጥፋት ብቻ መጠን ሲቆጣጠር ማየት ያስቀናኛል።

ይህ የቫይረስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዱሼን የሚባለው ጡንቻን የሚያመነምን በሽታ ባለባቸው አንዳንድ ልጆች፣ አንድ ፊደል በመቀየሩ ዲስትሮፊን የተባለው ፕሮቲን መልእክት መሃል ላይ ያለቦታው ማቆሚያ ይፈጠራል። ፕሮቲኑ ሳያልቅ ይቆረጣል። ጀንታማይሲንን ታውቁት ይሆናል፣ የባክቴሪያ መድኃኒት ነው። በብዛት ሲሰጥ የሰውንም ራይቦዞም ትክክለኛነት ስለሚቀንስ አንዳንዴ የተሳሳተውን ማቆሚያ ያሳልፋል። ችግሩ ግን ኩላሊትንና ጆሮን ሊጎዳ ይችላል።

ደግሞም ሁሉም ማቆሚያ እኩል አይላላም። በአብዛኛው ዩጂኤ ቀጥሎ ሲ ካለው በቀላሉ ይታለፋል፤ ዩኤኤ ግን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት በሽታ ያለባቸው ሁለት ልጆች ለአንድ መድኃኒት የተለያየ ምላሽ ሊሰጡ ይችላሉ። ተመራማሪዎች የሚፈልጉት የተሳሳተውን ማቆሚያ አሳልፎ ትክክለኛውን የማይነካ መድኃኒት ነው። ለዚህ ደግሞ ማቆሚያውን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ከሱ ቀጥሎ የተጻፈውንም ማንበብ ያስፈልጋል።