ሰኔና ሰኞ በአጎቴ ደብተር ላይ

አጎቴ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የእህል መጋዘን አላቸው። ከዚያ ሌላ አንድ ወፍጮ ቤትና ዘጠኝ ክፍል ያለው አልጋ ቤት አላቸው። ሦስቱን የከፈቱት በአንድ ሐሳብ ነው፦ «አንዱ ሲጎድል ሌላው ይሞላል»። የሦስቱንም ሒሳብ የምሠራላቸው እኔ ነኝ። ደመወዜ በአብዛኛው ቡናና ምርቃት ስለሆነ፣ ቢያንስ እዚህ ቻናል ላይ ላወራበት መብት ያለኝ ይመስለኛል። ስማቸውን እስካልጠራሁ ድረስ ፈቅደዋል።

በ2011 ዓ.ም. ሦስቱም አብረው ጎደሉ።

መጀመሪያ ገብሱ ነው። ኅዳር ላይ ከዳባት በኩል የገዛነው የቢራ ገብስ ገሚሱ አውድማ ላይ ዝናብ አግኝቶት ኖሮ፣ ገዢው ናሙና ወስዶ «ይሄ አይበቅልም» ብሎ መለሰልን። እውነቱን ነበር። በዱቄት ገብስ ዋጋ ሸጥነው። መጋቢት ላይ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በእሳት ተያያዘ። በበጋው የደረቀውን ጓሳ እየበላ ሄደ፤ ጠፋ ሲባል ሚያዝያ ላይ እንደገና ተነሣ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች እስከ መምጣት ተደረሰ። አልጋ ቤታችን አድረው ወደ ደባርቅ ሊወጡ የነበሩ ሦስት ቡድኖች ቀሩ። ይህንን ሳንረሳ ግንቦት ገባና የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ቀነሰ ተብሎ በመላ አገሪቱ መብራት በፈረቃ ሆነ። ወፍጮው ቆመ። እናቶች ስልቻቸውን አስቀምጠው «መብራት ሲመጣ ጥራን» እያሉ ይሄዳሉ፤ መብራቱ ሲመጣ እኩለ ሌሊት ነው።

«ሰኔና ሰኞ ገጠመብኝ» አሉ አጎቴ።

ሁላችንም የምንናገረው ነገር ነው፤ መነሻውን ግን ብዙ ወጣት አያውቀውም። ሰኔ አንድ ቀን ሰኞ የዋለ እንደሆነ ዓመቱ ክፉ ነው ተብሎ ይፈራ ነበር። ብቻውን ሰኔ ምንም አይደለም፣ ሰኞም ምንም አይደለም። ክፋቱ ሲገጣጠሙ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አንድ ሴሚስተር ሙሉ የተማርኩትን የስጋት ትምህርት አያቶቻችን በሁለት ቃል ጨርሰውታል።

ያን ክረምት ሒሳቡን ስዘጋ አንድ ነገር ገባኝ። አጎቴ ሦስት ንግድ ያላቸው ይመስላቸዋል፤ ሦስቱም ግን የሚጠቡት አንድ ጡት ነው። ገብሱ የደጋውን ክረምት ይጠጣል። አልጋ ቤቱ የአንገረብ ግድብን ውኃ ይጠጣል፣ እንግዳውን ደግሞ ከሰሜን ተራሮች ያገኛል። ወፍጮው የሚጠጣው ኤሌክትሪክ ነው፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ውኃ ነው። የጊቤ ዝናብ የእኛ ዝናብ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ገመዱ አንድ ነው። እንግዲህ «አንዱ ሲጎድል ሌላው ይሞላል» የሚለው ስሌት የሚሠራው ሦስቱን የሚያጎድለው ነገር የተለያየ ሲሆን ነው። ሰማዩ ሲለወጥ ሦስቱም አንድ ላይ ይነካሉ።

ስለ ገብስ ትንሽ ልዘግይ፤ ጉዳዩ እዚያ ነው የሚገባው።

ዳሽን ቢራ በ1992 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ሲቋቋም አገር ውስጥ የነበረው ብቅል ፋብሪካ የአሰላው ነበር። በኋላ የጎንደር ብቅል ፋብሪካ ሲመጣ፣ የወገራ፣ የዳባትና የደባርቅ ገብስ ሌላ ገበያ አገኘ። ለጠላና ለበሶ ይታሰብ የነበረው እህል የፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ሆነ። ችግሩ የቢራ ገብስ እንደ ሌላው እህል አለመሆኑ ነው። ስንዴ ቢሞትም ዱቄት ይሆናል። የቢራ ገብስ ግን ፋብሪካ ገብቶ፣ ውኃ ጠጥቶ መብቀል አለበት፤ በሕይወት ያለ ዕቃ ነው የምትነግደው። ከመቶ ፍሬ ቢያንስ 95 እንዲበቅል ይፈለጋል። ፕሮቲኑም ከ9 እስከ 12 በመቶ መካከል ቢሆን ይመረጣል።

አሁን ሰማዩን አስገቡበት። ዝናቡ መስከረም ሳይጋመስ ከወጣ ፍሬው ሳይሞላ ይደርቃል፤ ይቀጭጫል፣ ፕሮቲኑ ከፍ ይላል፣ ጠማቂው የሚፈልገው ስታርች ያንሳል። ጥቅምት ላይ ከደባርቅ በላይ ውርጭ ከመታው ያልጠነከረው ፍሬ ባዶ ይቀራል። ዝናቡ አርፍዶ ኅዳር ላይ ከመጣ ደግሞ ነዶው ውስጥ እንዳለ ማቆጥቆጥ ይጀምራል፤ አንዴ የበቀለ ፍሬ ፋብሪካ ውስጥ ሁለተኛ አይበቅልም። ልብ በሉ፤ በእነዚህ ሦስት ዓመታት የወረደው ዝናብ ሲደመር ያው ሊሆን ይችላል። «የአካባቢው አማካይ ዝናብ ይህን ያህል ሚሊ ሜትር ነው» የሚለው ቁጥር ለነጋዴ ምንም አይነግረውም። ኪሳራው ያለው በቀኑ ላይ ነው፦ መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ፣ በመሐል ስንት ቀን ጠፋ።

ከ2011 ወዲህ አንድ ልማድ አምጥተናል። ከእያንዳንዱ ገበሬ ጭነት መቶ ፍሬ እቆጥራለሁ፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ እደረድራለሁ፣ ጠቅልዬ ሳህን ላይ አስቀምጣለሁ። ሦስት ቀን ጨርቁ እንዳይደርቅ ውኃ አርከፈክፋለሁ። ነጫጭ ሥር ያወጡትን እቆጥራለሁ። ወጪው አንድ ሻርፕ ነው (የአክስቴ ነበር፤ እስካሁን አልተረሳልኝም)። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ አዲስ የታጨደ ገብስ እንቅልፍ አለበት፣ ደህናው እንኳ ጥቂት ሳምንታት ሳያርፍ በደንብ አይበቅልም። ይህን ሳላውቅ መጀመሪያ ዓመት ላይ ጥሩ ጭነት መልሻለሁ።

ስለ ውኃው ባጭሩ። ጎንደር በአንገረብና በቀሃ መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። የጥምቀቱ የፋሲል መዋኛ ራሱ ከቀሃ እየተጠለፈ ነው የሚሞላው። የከተማውን ቧንቧ ሲያጠጣ የኖረው የአንገረብ ግድብ ግን በደለል እየሞላ ነው። ደለሉ ከየት መጣ? ከላይ ካለው ተዳፋት ማሳ። ዝናብ በአጭር ሰዓት ውስጥ በኃይል ሲወርድ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ ገበሬው አፈር ያጣል፣ እኛ ውኃ እናጣለን። አልጋ ቤት ያለው ሰው ይህን የሚያውቀው በቦቴ ዋጋ ነው። መገጭ ግድብን ስንጠብቅ ደግሞ ስንት ዓመት እንደሆነን ለጎንደር ሰው አልነግርም።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይህን ነገር እንዴት ይዘውታል? በ2015 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ገዥ የነበረው ማርክ ካርኒ ለንደን ላይ ለኢንሹራንስ ሰዎች ንግግር አደረገ። ፍሬ ነገሩ፣ የአየር ንብረት ለውጥ ጣጣ የሚመጣው ዛሬ የሚወስኑት ሰዎች ወንበራቸውን ከለቀቁ በኋላ ስለሆነ የሚቸኩልበት የለም የሚል ነው። ከዚያ አንድ ግብረ ኃይል ተቋቁሞ በ2017 እ.ኤ.አ. ኩባንያዎች ይህን ስጋት እንዴት ይፋ ማድረግ እንዳለባቸው ምክረ ሐሳብ አወጣ። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤስ 2 የሚባለው የአይ.ኤፍ.አር.ኤስ. (የዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት) መስፈርት መጣ። እኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የአይ.ኤፍ.አር.ኤስ.ን መንገድ ስለጀመርን፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ጎንደር ያሉ ፋብሪካዎች በር ላይ መድረሱ አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

መስፈርቱ ስጋቱን ለሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው ድርቁ፣ ጎርፉ፣ ውርጩ ራሱ ነው። ሁለተኛው ዓለም ለዚህ ሲል ሕግና ቴክኖሎጂ ሲቀይር የሚመጣው ነው። ሁለተኛው ለእኛ ሩቅ ይመስላል፤ ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለክል አይተናል። ምክንያቱ በአብዛኛው የውጭ ምንዛሬ ቢሆንም፣ አሮጌ መኪናውን ሸጦ ሌላ ሊያስመጣ ለነበረ የቱሪስት ሹፌር ውጤቱ ያው ነው።

ካርኒ ያለው ችግር አጎቴ ዘንድ ተገልብጦ ነው ያለው። እሳቸው ስጋቱን በየዓመቱ ያዩታል፤ ደብተር ላይ ግን አይጽፉትም።

«ጋሼ፣ ለምን አንጽፈውም?» አልኳቸው አንድ ቀን ጆንያ ላይ ተቀምጠን።

«የእግዜርን ሥራ በደብተር? ነገ ደግሞ ግብር ክፈልበት እንዳትለኝ!»

እንደምንም አሳምኜ ጻፍነው። ቀላል ነው፤ ማንኛውም ነጋዴ ቤቱ ሊሠራው ይችላል። ከላይ ወራቱን ከመስከረም እስከ ነሐሴ ደረደርኩ፣ ከጎን ሦስቱን ቤቶች። በየወሩ የትኛው ሰማይ ማንን እንደሚጎዳ ጠየቅኳቸውና የጎዳበትን በቀይ አከበብኩ። ስንት ቀን እንደሚያዘጋና በብር ስንት እንደሚሆን ከቀድሞ መዝገብ አወጣሁ። ከዚያ አረንጓዴ እስክሪብቶ አንሥቼ ጥሬ ገንዘብ የሚገባበትንና ብድር የሚከፈልበትን ወር ጨመርኩ።

ቀዩ በመጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ተከመረ። እንግዳ ይቀንሳል፣ ውኃ ይጠፋል፣ መብራት ይሄዳል። ገብስ ለመግዛት ኅዳር ላይ የተወሰደው ብድር ደግሞ የሚመለሰው ሰኔ 30 ነው። ገንዘባችን ባዶ በሚሆንበት ወቅት መጨረሻ ላይ ትልቁን ዕዳ ሰቅለነው ኖረናል፤ ለምን ብትሉ የበጀት ዓመት መዝጊያ ስለሆነ ብቻ። ሰኔን ሰኞ ላይ ያዋልነው እኛው ራሳችን ነን።

የመጀመሪያው እርምጃ አምስት ሳንቲም አላስወጣንም። ብድሩ ገብሱ ተሸጦ ገንዘብ በሚገባበት በየካቲት እንዲከፈል አበዳሪውን ለመንን። ሁለት ጊዜ እንቢ አለ፤ በሦስተኛው ደብተሩን ይዤ ሄድኩና ተስማማ። ሁለተኛ፣ ገብሱን ከአንድ ቀበሌ መግዛት ትተን ከወገራ፣ ከዳባትና ከደባርቅ በላይ ካለው ውርጭ አገር ከፋፍለን እንገዛለን፤ ትራንስፖርቱ ይጨምራል፣ ግን አንድ ደመና ሦስቱን አይመታም። ሦስተኛ፣ ከገበሬው ጋር ዋጋ የምንነጋገረው በሁለት ደረጃ ነው፤ ከበቀለ ይህን፣ ካልበቀለ ያን። በፊት ኪሳራውን ማን ይሸከም የሚለው ጭቅጭቅ የሚያልቀው በሽማግሌ ነበር። አልጋ ቤቱ ላይ ሁለት ሮቶ ተጨመረ። ጄኔሬተር ግን አልገዛንም፤ የነዳጁን ዋጋ አስልተን ለወፍጮ አያዋጣም ብለን ተውነው።

ግንቦት ላይ የሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን ትንበያ ያወጣል። ብዙ ሰው ያነበውና «ተሳሳቱ» ይላል። ትንበያው የሚለው «ይዘንባል» ወይም «አይዘንብም» አይደለም፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ እና ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን ለሦስት አካፍሎ ነው የሚሰጠው። ኤል ኒኞ ባለበት ዓመት የሰሜኑ ክረምት የመሳሳት ዝንባሌ አለው። የ2007 ክረምት እንደዚያ ሆኖ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ፈለገ። የ2015 ዓ.ም. ክረምትም ኤል ኒኞ ነበር፤ ጃናሞራ በድርቁ ምን እንደሆነ እዚህ ያለን ሰዎች አንረሳውም። ስለዚህ እኛ «ከመደበኛ በታች» የሚለው ሚዛን ከደፋ ጥቅምት ላይ ቀድመን ለገበሬ የምንከፍለውን ቀብድ እንቀንሳለን። ቢሳሳት የሚቀርብን ትንሽ ትርፍ ነው፤ ቢሠምር የሚተርፍልን ብዙ።

ኢንሹራንስስ? በ2009 እ.ኤ.አ. ትግራይ ውስጥ አዲሃ በምትባል መንደር 200 ገበሬዎች በዝናብ መጠን የሚከፍል ዋስትና ጀምረው ነበር፤ ኒያላ ኢንሹራንስ ነበረበት። ማሳ ማንም አያይም፤ የዝናቡ ቁጥር ከተወሰነው በታች ከወረደ ይከፈላል። ሐሳቡ ግሩም ነው። የእኛ ደጋ ግን አንዱ ጎን ዘንቦ ማዶው ደርቆ የሚያድርበት ገደል ነው። ቁጥሩ «ዘንቧል» ሲል የአንተ ማሳ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብገዛም ሙሉ በሙሉ አልደገፍበትም።

አሁን የቀረን ትልቁ ጥያቄ ነው። አጎቴ አልጋ ቤቱ ላይ አንድ ፎቅ ልጨምር ይላሉ። እኔ ደግሞ ገንዘቡን መተማ በኩል ሰሊጥ ላይ እናውለው አልኩ። ሰሊጥ ቆላ ነው፣ የሚጎዳው ውኃ ሲያቁርበት ነው፤ ደጋው የሚያዝንበት ዓመት ሁሉ እሱም አያዝንም። ሌላ ንግድ ከመክፈት ሌላ ሰማይ ሥር መነገድ ይሻላል ብዬ፣ ቀዩንና አረንጓዴውን እያሳየሁ ግማሽ ሰዓት አወራሁ።

ጨርሼ ቀና ስል መነጽራቸውን አውልቀው ደብተሩን ወደ እኔ ገፉት።

«መንገዱስ?» አሉኝ። «መንገዱ የሚዘጋበትን ወር በየትኛው ቀለም ነው የከበብከው?»

ለእሱ ዓምድ አልነበረኝም።