ያለ መብት የተያዘን ርስት ስለ ማስለቀቅ

በደምቢያና በወገራ፣ በሰሜንም ተራሮች ይኖር የነበረው ቤተ እስራኤል ለብዙ መቶ ዓመታት የሚያርሰው መሬት እንጂ የሚሟገትበት ርስት አልነበረውም። በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ፣ ክርስትናን ያልተቀበለ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ማወጃቸው ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲነገር የኖረ ነው፤ ከዚያም ወዲህ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ በሌላ ሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው ሲኖሩ፣ ባለርስቱ ልቀቁ ባላቸው ቀን ዳኛ ፊት ቆመው ‹የእኔ ነው› የሚሉበት አፍ አልነበራቸውም። የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ለብዙዎቹ መሬት ቢያደርሳቸውም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንኑ መሬት ትተው ወደ ኢየሩሳሌም መንገድ ጀመሩ።

ዛሬ በእስራኤል በምትገኘው በኪርያት ጋት ከተማ፣ በእርሻ ሜዳ ላይ በተሠራውም አዲሱ የካርሜ ጋት ሠፈር፣ የእነዚያ ጭሰኞች ልጆችና የልጅ ልጆች በሕግ ፊት ከማንኛውም ነዋሪ ጋር እኩል ሆነው ቤት ይገዛሉ፣ ያከራያሉ፣ ይከራያሉ፤ ስለዚህም አባቶቻቸው ደጁን ያልረገጡት የርስት ችሎት የእነርሱም ችሎት ሆኗል። በእስራኤል ‹ሲሉክ ያድ› የሚባለው፣ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ደግሞ ‹ይዞታ ይለቀቅልኝ› እየተባለ የሚቀርበው ይህ ክስ ምን እንደሆነ፣ ማን ሊያቀርበው እንደሚችልና ኃይሉ እስከ የት እንደሚደርስ ማወቅ፣ የቤትን ቍልፍ በእጅ የመያዝን ያህል ያስፈልጋል።

የክሱ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የእስራኤል የመሬት ሕግ ነው። የዚህ ሕግ 16ኛ አንቀጽ፣ የመሬት ባለቤት ወይም መሬቱን ለመያዝ መብት ያለው ሰው፣ ያለ መብት ከያዘው ሰው እጅ ይመለስለት ዘንድ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ቃሉ አጭር ቢሆንም ስፋቱ ብዙ ነው። ‹መሬት› ሲል ሜዳውን ብቻ ሳይሆን በላዩ የታነጸውንና ከእርሱ ጋር በጽኑ የተያያዘውን ሁሉ ስለሚጠቀልል፣ በሦስተኛው ፎቅ ያለ መኖሪያም በዚህ ሕግ ዓይን መሬት ነው። ከባለቤቱ ሌላ ‹ለመያዝ መብት ያለውን› መጨመሩም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእስራኤል ከመሬቱ 93 በመቶ ያህሉ የመንግሥት፣ የልማት ባለሥልጣንና ቄረን ቃየመት የተባለው የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ ሀብት ሆኖ ‹ራሚ› በሚባለው የመሬት ባለሥልጣን እጅ ስለሚተዳደር፣ ቤት ገዛሁ የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የረጅም ዘመን ኪራይ ባለመብት እንጂ በጥብቅ አነጋገር ባለርስት አይደለምና፣ ሕጉ የባለርስትን ቃል ብቻ የሚሰማ ቢሆን ኖሮ እጅግ ብዙ ሰው ከችሎቱ ውጭ በቀረ ነበር።

ከሳሽ በመጀመሪያ የሚያስረዳው መብቱን ነው። ለዚህ ከምስክር ሁሉ የሚበልጠው ‹ነሳኽ ታቡ› የሚባለው የመሬት መዝገብ ግልባጭ ሲሆን፣ በላዩ የመሬቱ ታላቅ ክፍል ማለት የ‹ጉሽ› ቍጥር፣ ከእርሱም የተከፈለው የ‹ሄልቃ› ቍጥር፣ ሕንፃው የብዙ ሰው መኖሪያ ከሆነ ደግሞ የእያንዳንዱ ቤት የ‹ታት ሄልቃ› ቍጥር ይገኛል፤ ቀጥሎም የባለመብቱ ስምና የድርሻው መጠን፣ እንዲሁም ባንኩ ለማሽካንታ፣ ማለት ለቤት ብድር፣ ያስመዘገበው መያዣ ይነበባል። እንደ ካርሜ ጋት ባለ አዲስ ሠፈር ግን አንድ ሕንፃ ተጠናቆ ሰው ከገባበት በኋላ ቤት ቤቱ ተለይቶ በታቡ እስኪመዘገብ ድረስ ዓመታት ሊያልፉ ስለሚችሉ፣ ባለቤቱ እስከዚያ የሚያቀርበው የግዢ ውሉንና ከራሚ ወይም ከሠሪው ኩባንያ የሚሰጠውን ‹ኢሹር ዝኹዮት› የተባለ የመብት ማረጋገጫ ነው። መብቱ በዚህ አኳኋን ከተረጋገጠ በኋላ ሸክሙ ወደ ተከሳሹ ይዞራል፤ በቤቱ የተቀመጠው በምን ሥልጣን እንደሆነ የሚያስረዳው እርሱ ነው እንጂ፣ ከሳሹ የሌላውን መብት አለመኖር እንዲያስረዳ አይጠየቅም።

ተከሳሽ ሆኖ የሚቀርበው ሰው በጨለማ በር ሰብሮ የገባ ወንበዴ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ችሎቱን የሚሞሉት ከዚህ ይልቅ በሰላም ገብተው በክርክር የሚኖሩት ናቸው። የኪራይ ዘመኑ አልቆ አልወጣም ያለ ተከራይ አንዱ ነው፤ ለእርሱ ሕጉ ፈጣን ሥርዓት አበጅቶ፣ በተራው ክስ መልስ ለመስጠት 60 ቀን ሲፈቀድ ለዚህ 30 ቀን ብቻ ይፈቅዳል፣ የቀረ የኪራይ ገንዘብም በሌላ ክስ እንዲጠየቅ ያደርጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ‹ባር ረሹት› የሚባለው፣ በባለቤቱ ፈቃድ ያለ ክፍያ የተቀመጠ ሰው ነገር ነው። በእኛ ወገን ዘንድ ቤት ያለው ዘመዱን ያስጠጋል፤ ልጅ ሲያገባ ሙሽራይቱን ይዞ እናቱ ቤት ይገባል፣ በራሱም ገንዘብ ክፍል ይጨምራል፣ ወጥ ቤቱን ያድሳል፤ በመካከሉ ስለ ወሰንና ስለ ዘመን የተጻፈ አንድም ቃል የለም፣ ወረቀት መጠየቅም እንደ ነውር ይቆጠራል። በኋላ ጠብ ሲነሣ ወይም እናቲቱ ስታርፍና ወንድምና እኅት ወራሾች ሲሆኑ፣ ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው ፈቃዱ ሊነሣ የሚችል መሆኑንና አለመሆኑን ነው። እንደ ልማዱ በነጻ የተሰጠ ፈቃድ ይነሣል፤ ሆኖም ዳኛው ተከሳሹ በባለቤቱ ስምምነት ያወጣውን ወጪ ተመልክቶ፣ መልቀቁን ከካሣ ጋር ሊያያይዘው ይችላል። ሽማግሌዎቻችንና ቄሶቻችን በዕርቅ ከሚያዩት ጠብ ሁሉ ይህኛው በሁለት መሥመር ጽሑፍ ሊቀር የሚችል ስለሆነ፣ በእናትና በልጅ መካከል ውል መጻፍ ፍቅርን ያጎድላል የሚለውን አሳብ ልንተወው ይገባናል እላለሁ።

ባለመብቱ ዳኛ ሳይጠብቅ በገዛ ክንዱ ቢያስወጣስ? የዚያው ሕግ 18ኛ አንቀጽ፣ በሕግ የያዘ ሰው ወራሪን በተመጣጠነ ኃይል እንዲከላከል፣ ይዞታውም ከተነጠቀ በ30 ቀን ውስጥ በዚሁ ልክ ተጠቅሞ እንዲያስወጣ ይፈቅድለታል። ከዚያ ካለፈ ግን የቀረው መንገድ ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ባለቤት እንኳ ቢሆን በጉልበት ያስወጣውን ሰው ይዞታ እንዲመልስ ሊገደድ ይችላል፣ ምንም እንኳ ዳኛው የሁለቱንም መብት ባንድነት ለመመርመር ሥልጣን ቢኖረው። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ረገድ ጠበቅ ይላል፤ በ1148ኛው ቍጥር በኃይል ወይም በስውር የተወሰደበት ሰው ወዲያውኑ እንዲያስመልስ ሲፈቅድ፣ በ1149ኛው ደግሞ ሁከት ይወገድልኝ የሚለው ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ይወስናል፤ የባለሀብትነቱን ጥያቄ ለሚያነሣው ግን 1206ኛው ቍጥር የመፋለም ክስን አዘጋጅቶለታል። ሁለቱም ሕጎች አስቀድመው የሚጠብቁት የመንደርን ሰላም ነው፤ ማን ባለርስት እንደሆነ ከመታወቁ በፊት ደም እንዳይፈስ።

ስለ ዘመን ብዛት አንድ ነገር ላክል። በመዝገብ ተስተካክሎ ባልተለየ መሬት ላይ የክስ መብት በ15 ዓመት ሊታገድ ሲችል፣ ድንበሩና ባለመብቱ ተጣርቶ በተመዘገበ መሬት ላይ ግን የ1969ኙ ሕግ 159ኛ አንቀጽ የይርጋን መቃወሚያ ስለሚዘጋ፣ ሠላሳ ዓመት ተቀመጥሁ ማለት ብቻውን ርስት አያሰጥም።

እንግዲህ የዚህ ክስ ጽድቅ ከጀርባው ባለው መዝገብ ጽድቅ ይለካል፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ኢይዝራኤላዊው ናቡቴ የወይን ቦታውን ያጣው በሽፍታ እጅ ሳይሆን፣ በከተማው ሽማግሌዎች ሸንጎና በሐሰተኛ ምስክሮች ቃል እንደነበር በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል። በነገብ ምድረ በዳ የምትገኘው የበደዊኖች መንደር ኡም አል ሒራን ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1956 በወታደራዊ አስተዳደር ትእዛዝ በዚያ ሥፍራ የሰፈሩ ነበሩ፤ መንግሥት እንዲለቅቁ በከሰሳቸው ጊዜ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 በሁለት ዳኞች ድምፅ፣ አንዲት ዳኛ ተለይተው፣ ወራሪ ባይሆኑም ባር ረሹት ናቸውና ፈቃዱ ይነሣል ሲል ፈረደ፤ በ2024ም መንደሩ ፈረሰ። ኪርያት ጋት ራሷ በ1950ዎቹ የቆመችው ዒራቅ አል መንሺያ በተባለች የዐረቦች መንደር መሬት ላይ ሲሆን፣ ነዋሪዎቹ በ1949ኙ የጦር አቁም ስምምነት በቦታቸው እንዲቆዩ ቃል ቢገባላቸውም በማስፈራራትም ጭምር በዚያው ዓመት ወጥተዋል፤ በ1950 የወጣው የሌሉ ሰዎች ንብረት ሕግ የእነዚህን መሰሎች መሬት ለባለአደራ ስላስተላለፈ፣ 16ኛው አንቀጽ ለእነርሱ በር አይከፍትም። ርስት ተነፍጎት የኖረ ሕዝብ ልጅ፣ በመዝገብ ያልተጻፈ ሰው ምን እንደሚሰማው ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም።

ክሱ የሚቀርበው፣ ቤቱ የቱንም ያህል ዋጋ ቢያወጣ፣ ስለ ይዞታ ከሆነ በሻሎም ፍርድ ቤት ነው፤ በኪርያት ጋትም አንድ አለ። ባለቤትነቱ ራሱ የሚከራከር ከሆነ ግን ነገሩ ወደ አውራጃው ፍርድ ቤት ወደ ቤርሳቤህ ይሄዳል። ለቅቆ ይውጣ የሚል ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ባለቤቱ ራሱ ሄዶ ዕቃ አያወጣም፤ ፍርዱን ይዞ ‹ሆጻአ ለፖዓል› የተባለውን የፍርድ አፈጻጸም ክፍል ይጠይቃል፣ ለተከሳሹም ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። በፍርዱ ያልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ይግባኝ ማለቱ ብቻ ማስለቀቁን አያቆመውምና፣ አፈጻጸሙ እንዲታገድለት ለብቻው ካላመለከተ ይግባኙ ገና ሳይሰማ ከቤቱ ሊወጣ ይችላል። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ሰው፣ ከሳሽም ይሁን ተከሳሽ፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ባለው የሕግ ርዳታ ክፍል ገቢውን አስመርምሮ ጠበቃ እንዲቆምለት ማመልከት ይችላል፤ ተከሳሽ ይህን ማድረግ ያለበት መጥሪያው እጁ በገባበት ሳምንት፣ የመልሱ ቀን ሳያልፍ ነው።