ሃያ ዋት ሲመዘን

ናድ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ለገበያ ያቀረበው 3020 አምፕሊፋየር ሲያዩት አያስጎመጅም፤ ጌጥ የለውም፣ ኃይሉም በወረቀት ላይ ለአንድ ስፒከር 20 ዋት ብቻ ነው። ኖርዌጂያዊው መሐንዲስ ኤሪክ ኤድቫርድሰን ግን ሙዚቃው ድንገት ሲያይል ከዚያ በላይ እንዲሰጥ አድርጎ ሠራው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ዛሬ ኪሱ ያልደለበ ሙዚቃ ወዳድ ያገለገለ 3020 ሲያፈላልግ መዳፍ የማትሞላ አዲስ አምፕሊፋየር ከፊቱ ትደቀናለች። የድሮው ማሽን ከሶኬት ከሚስበው ኃይል ብዙውን ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ የሚከብደውም በትራንስፎርመሩና ሙቀት በሚያስወጣው ብረት ነው። አዲሷ «ክላስ ዲ» ትባላለች። ትራንዚስተሮቿ በሰከንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ እየበሩና እየጠፉ ስለሚሠሩ ብክነቱ ትንሽ ነው፤ 90 በመቶ ያህሉ ኃይል ስፒከሩ ጋ ይደርሳል።

ጣጣው ያለው ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ነው። በብዙዎቹ ርካሽ ሳጥኖች ውስጥ የሚገኘው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፕ፣ ቲፒኤ3116፣ 50 ዋት ይሰጣል የሚባለው በ21 ቮልትና በ4 ኦም ስፒከር ነው፤ ያውም ድምፁ እየተበላሸ። አብሮት የመጣው አዳፕተር 12 ቮልት፣ ስፒከሩ ደግሞ 8 ኦም ከሆነ ንጹሑ ኃይል 10 ዋት እንኳ አይሞላም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ለአምፕሊፋየር ዋት አለካክ ደንብ ያወጣው እንዲህ ያለ ጨዋታ ስለበዛበት ነበር፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1974። በእኛ ሱቆች ቴፕ ላይ የሚለጠፈው «ፒኤምፒኦ» የተባለ የተጋነነ የዋት ቁጥር ግን ደንብ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም።

ይህ ማለት አሮጌው ያለ እንከን ነው ማለት አይደለም። ካፓሲተሮቹ ያረጃሉ፤ የድምፅ ቁልፉ ሲዞር ይንኮሻኮሻል። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ከሆነ ደግሞ 120 ቮልት ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ጀርባውን ሳያነቡ የአዲስ አበባ 220 ላይ መሰካት ማቃጠል ነው። የአዲሷ አዳፕተር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። በሌላ በኩል 3020 ክዳኑ ሲነሣ ዕቃዎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፤ ብየዳ የሚችል ጠጋኝ እጅ ከገባ ዳግም ይነሣል። የትንሿ ቺፕ ከተቃጠለ ግን ጥገናው ከአዲስ ዋጋ ጋር ይወዳደራል።

ሸክላ ለሚያጫውት ሰው 3020 ያዋጣዋል፤ የሸክላ ማጫወቻ መሰኪያ አለው፣ ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ የላቸውም። ከስልኩ ለሚያደምጥ ግን ትንሿ ትበቃዋለች፤ የተረፈውን ብር ስፒከር ላይ ያውለው። ስፒከሩም ያገለገለ ከሆነ ሽፋኑን አውልቆ ዙሪያውን ያለውን ስፖንጅ በጣት መንካት ነው፤ ከተፈረፈረ ዋጋው ይውረድ።